ስለ ውድድር ፈረስ ጅማ ላይ የሚወራው እና እውነታው

ጅማ ለፈረስ እንግዳ አይደለችም። አባ ጅፋር የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደተባሉት ማለት ነው። ባጃጅ በበዛበት በዚህ ዘመንም ጋሪው ከከተማው አልጠፋም። ስለዚህ ስለ ፈረስ ሁሉም የሚለው አለው፤ ችግሩ የሚመጣው ወሬው ወደ ውድድር ፈረስ ሲሻገር ነው። የዱባይና የሳውዲ እሽቅድምድም በስልክ ይታያል፣ ቤቲንግ ቤቱ ስክሪን ላይ ፈረስ ሲሮጥ ይውላል፣ ቡና ላይ ደግሞ ሁሉም አርቢና አሰልጣኝ ይሆናል። እኔ የጋሪ ፈረስ የማክም ሰው ስለሆንኩ ክርክሩ መጨረሻው እኔ ጋ ይመጣል። ደጋግሜ የምሰማቸው እነዚህ ናቸው።

«ዘር ከልጓም ይስባል፤ አባቱ ካሸነፈ ልጁም ያሸንፋል»

ተረቱ ለሰው ይሠራ እንደሆነ እንጃ፤ ለውድድር ፈረስ ግን ግማሹ እንኳ አይሞላም። ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ በአባት መስመር ሁሉም ከሦስት ድንጉላዎች ይመዘዛል፤ እነሱም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ የገቡ ናቸው። የዘር መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ ታትሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ሁሉ ተጽፎም ማን እንደሚሮጥ አስቀድሞ የሚያውቅ አልተገኘም። በ2006 ፍሎሪዳ ላይ ግሪን መንኪ የተባለ የሁለት ዓመት ፈረስ በ16 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጠ። ሦስት ጊዜ ሮጠ፤ አንዴም አላሸነፈም። ሲያትል ስሉ ግን በ17,500 ዶላር ተገዝቶ በ1977 ሦስቱን ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች ሳይሸነፍ ጠቀለላቸው።

የኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ፈረሶች በዕድሜያቸው በሚያገኙት የሽልማት ገንዘብ መካከል ካለው ልዩነት በዘር የሚመጣው 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪው መኖው፣ አሰልጣኙ፣ ጋላቢው፣ የሚመረጥለት ውድድርና ዕድሉ ነው። ጅማ ውስጥ ጎበዝ ባለጋሪ ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል፤ ከአንድ ገበያ የተገዙ ሁለት ፈረሶች በዓመቱ አንዱ ወዙ ሲያብለጨልጭ የሌላው ጎድን ይቆጠራል።

«እንደ ላሟ ነው፤ ዘር አስመጥቶ ማዳቀል»

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ በወተት ላም ሲሠራ አይተዋል። የተሻሻለ ኮርማ አባለዘር በናይትሮጅን ዕቃ ይመጣል፣ አዳቃዩ ይጠራል፣ ጊደሯ አድጋ ከእናቷ የበለጠ ትታለባለች። ታዲያ ከዱባይ የድንጉላ አባለዘር አስመጥቶ ከከፋ ባዝራ ጋር ማዳቀል ምን ይከለክላል?

መዝገቡ ይከለክላል። በቶሮብሬድ ዓለም ሰው ሠራሽ ማዳቀል አይፈቀድም፤ ድንጉላው ራሱ ባዝራዋ ላይ ካልወጣ ውርንጭላው አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ ደግሞ በቶሮብሬድ ውድድር አይሮጥም። አባትም እናትም ከመዝገቡ መሆን አለባቸው። ከከፋ ባዝራ የሚወለደው ዲቃላ ጠንካራ ፈረስ ሊወጣው ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ፈረስን በጥቂት ቀን የሚገድለው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ እኛ አገር አለ። የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች ናቸው፤ የጅማ ዝናብና ሙቀት ደግሞ ይስማማቸዋል። ስፔን በ1987 ከናሚቢያ ባስገባቻቸው የሜዳ አህዮች ይዛው የገባችውን ይህን በሽታ ለማጥፋት ዓመታት ፈጅቶባታል። አውሮፓ ከእኛ አገር የሚመጣን ፈረስ ለምን እንደሚፈራ ከዚህ ይገባችኋል።

ሰው ሠራሽ ማዳቀልን የሚከለክለው ደንብ ለምን ጸና? ባለቤቶቹ ባህል ነው ይላሉ፤ እኔ ገንዘብ ነው እላለሁ። አባለዘር ቢሸጥ አንድ ድንጉላ ሺዎችን ያስረግዝና ዋጋው ይወርዳል። የዚህ ንግድ ትልቁ ትርፍ ከዋንጫው ሳይሆን ፈረሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ገነኑ የሚባሉት ድንጉላዎች ለአንዲት ባዝራ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ወይም ዩሮ ሲያስከፍሉ ኖረዋል። አንዳንዱ በአንድ የማዳቀያ ወቅት ከ200 በላይ ባዝራዎች ይቀርቡለትና የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወቅት ሲያልቅ በአውሮፕላን አውስትራሊያ ሄዶ እንደገና ይጀምራል። የአሜሪካው መዝጋቢ አካል ዘሩ እየጠበበ መሄዱ አሳስቦት በ2020 አንድ ድንጉላ በዓመት ከ140 ባዝራ እንዳያልፍ ደንብ አወጣ። ትልልቆቹ አርቢዎች ከሰሱት፤ በ2022 ደንቡን ራሱ አነሣው።

«ጭካኔው ሜዳው ላይ ነው፤ እርባታው ምን አለበት?»

በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የተወለደ ቶሮብሬድ ሁሉ ዕድሜው የሚቆጠረው ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ነው። በግንቦት የተወለደው በጥር ከተወለደው ጋር እኩያ ተብሎ ይሮጣል። ስለዚህ አርቢው ውርንጭላው ዓመቱ እንደባተ እንዲወለድለት ይፈልጋል፤ ባዝራ ግን በተፈጥሮዋ ድንጉላ የምትፈልገው ቀኑ ሲረዝም ነው። መላው መብራት ሆነ፦ በእነሱ የብርድ ወራት ጋጣው ውስጥ አምፖል እየበራ ቀኑ 16 ሰዓት ያህል እንዲመስላት ይደረጋል። እርግዝናው 11 ወር ስለሆነ፣ በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ በወለደች በወሩ ውስጥ እንደገና መያዝ አለባት።

ከዚህ የባሰው ብዙም አይወራለትም። እናቲቱ ብትሞት ወይም ወተት ብታጣ ውዱ ውርንጭላ ለሌላ አጥቢ ባዝራ ይሰጣል። አጥቢዋ ወተት እንዲኖራት እሷም መውለድ ነበረባት፤ የራሷ ውርንጭላ ተነጥሎ ይቀራል። ዛሬ በመድኃኒት ሳትወልድ እንድትታለብ ማድረግ ይቻላል፤ የተነጠሉትን እየሰበሰቡ የሚያሳድጉ በጎ አድራጊዎችም አሉ። ቢሆንም በሽያጭ ካታሎግ ላይ የዚያ ውርንጭላ ፎቶ አይወጣም።

«በሁለት ዓመቱ ማስሮጥ አጥንቱን ይሰብረዋል»

እዚህ ላይ ብዙዎች እንደሚሉት ቀላል አይደለም። የወጣት ፈረስ አጥንት ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ጋጣ ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ፈረስ ነው ይበልጥ የሚሰጋው። በሁለት ዓመታቸው የጀመሩ ፈረሶች ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚወዳደሩ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ግን ልብ በሉ፤ በሁለት ዓመቱ ለመሮጥ የሚደርሰው ቀድሞውንም ጤነኛ የነበረው ነው፣ የታመመው ከቁጥሩ ውስጥ አልገባም። እኔ የምቃወመው የዕድሜውን ቁጥር አይደለም፤ የጨረታ ቀን ደረሰ ተብሎ ያልበሰለን ፈረስ በሙሉ ፍጥነት ማስሮጡን ነው።

«ካልተገረፈ አይሮጥም»

የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ፈረሶቹ ከፍተኛ ፍጥነታቸው ላይ የደረሱት ጋላቢው ገና አለንጋ ሳያነሣ ነበር፤ በመጨረሻው 400 ሜትር፣ ደክሟቸው ሲገረፉ፣ ፍጥነታቸው አልጨመረም። ኖርዌይ በ1982 ከልክላዋለች። እንግሊዝ መሰናክል በሌለው ውድድር እስከ 6 ምት ትፈቅዳለች። ለባለጋሪዎቻችን ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል።

«ስክሪኑ ላይ ያለውን ፈረስ አጥንቼዋለሁ»

ቨርቹዋል በሚባለው፣ በኮምፒውተር በተሠራው ውድድር ላይ የሚጠና ፈረስ የለም። ውጤቱን የሚያወጣው ኮምፒውተር በዘፈቀደ ነው፤ ምስሉ ለዓይን ነው።

«ፈረንጅ እግሩ የተሰበረ ፈረስ የሚገድለው ርኅራኄ ስለሌለው ነው»

ባርባሮ የ2006 የኬንታኪ ደርቢ አሸናፊ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ውድድር የኋላ ቀኝ እግሩ ተሰባበረ። ባለቤቶቹ አልገደሉትም፤ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል ወስደው በብረትና በብሎን አስገጠሙለት። ስብራቱ መዳን ጀምሮ ነበር፤ የጣለው ሌላው እግሩ ነው። 500 ኪሎ ያህል የሚመዝን እንስሳ ለረጅም ጊዜ ሊተኛ አይችልም፤ ክብደቱን ጤነኛው እግር ላይ ሲጥል ሸኮናውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣና ይላቀቃል። ከስምንት ወር ስቃይ በኋላ በጥር 2007 እንዲሞት ተደረገ። መርፌው ያኔውኑ ቢሰጠው ይሻል ነበር የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

እኛስ? የጋሪ ፈረስ እግሩ ሲሰበር አንገድለውም፤ ነውር ነው። ከከተማ ዳር እንተወዋለን፣ ሌሊት ጅቡ ይመጣል። ይህንን ርኅራኄ ብሎ የሚጠራ ሰው አንድ ጠዋት ከእኔ ጋር ይውጣ።

የነሱ ነውር ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ፈረሱ ሊሰበር መቃረቡ እየታወቀ፣ ሕመሙ በመድኃኒት ታፍኖ እንዲሮጥ መደረጉ ላይ። አሜሪካ ለዚህ በ2020 ብሔራዊ ሕግ አወጣች፤ ተቆጣጣሪው በ2022 ሥራ ጀመረ። በ2009 ፈረስ ለውድድር ከተሰለፈባቸው 1,000 ጊዜያት በ2ቱ ይሞት ነበር፤ በ2024 አዲሱ ተቆጣጣሪ በሚያያቸው ሜዳዎች 0.90 ደርሷል። በልምምድ ላይ የሚሞቱት ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም።

ለውጡን ካመጡት ነገሮች አንዱ መሣሪያ እንኳ አይጠይቅም። ከውድድሩ በፊት ሐኪሙ ፈረሱን በጠንካራና ቀጥ ባለ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስኬደዋል፤ የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ ያ እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሣል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ከተጠራጠረ ያስቀረዋል፤ ባለቤቱ የከፈለው ስንትም ቢሆን። ጋሪ ከመጠመዱ በፊት አስፋልቱ ላይ ይህን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።