የጅማ መንግሥት፦ ከጨፌው እስከ ዙፋኑ

ጅማ ውስጥ የቀድሞውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ስም ሳይሰሙ መዋል ይከብዳል። አውሮፕላን ማረፊያው በሳቸው ስም ነው የሚጠራው። በ2010 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የእግር ኳስ ክለብም እንዲሁ። የጅማ መንግሥት ግን ከአንድ ሰው ይሰፋል። እንደኔ ታሪኩን በደንብ የሚከፍተው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ገዥ ቀጥሎ ማን?

ከዙፋኑ በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረ። በጊቤ ወንዝ አካባቢ የሰፈሩት ኦሮሞዎች የሚተዳደሩት በገዳ ነበር። ወንዶች በአምስት ምድብ ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ምድብ ተራው ሲደርስ ለ8 ዓመት ሥልጣን ይይዛል፣ ከዚያ ያስረክባል። ሕግ የሚወጣው በጨፌ፣ ማለትም በጉባኤው ላይ ነው። አባ ገዳው የፈለገ ቢወደድ፣ የፈለገ ቢፈራ፣ ዘመኑ ሲያልቅ ይወርዳል። ተተኪው ማን እንደሆነ ሕዝቡ ከዓመታት በፊት ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል የተጣራ የሥልጣን ርክክብ የነበረው አገር ብዙ አይደለም።

ታዲያ ንግሥና እንዴት መጣ? በጦርነትና በገበያ በኩል ነው የመጣው። የጦር መሪዎች ምርኮ፣ መሬትና ተከታይ አከማቹ። የቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና የባሪያው ንግድ መስመር በእጃቸው ገባ። እንዲህ የከበረ ሰው 8 ዓመት ሞላ ተብሎ ቤቱ አይቀመጥም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጊቤ አምስት መንግሥታት ቆሙ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ እና ጅማ። የጅማው ዙፋን የዲጎ ጎሳ ነበር። ቀዳማዊ አባ ጅፋር ከ1830 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ በዚሁ ናቸው) እስከ 1855 ነገሡ። እስልምናን የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው። ገዳው በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ሥልጣኑ ግን ወደ ሞቲው፣ ወደ ንጉሡ ሄደ።

አስተዳደሩ የተደራጀ ነበር። አገሩ ወደ 60 ገደማ ቆሮ ተከፍሎ በየቆሮው አንድ አባ ቆሮ ይሾማል። ሹመቱ የንጉሡ ነው፣ ሽረቱም የንጉሡ። ከሱ በታች አባ ገንዳ የሰፈሩን ጉዳይ ይይዛል። ጦሩን የሚመራው አባ ዱላ ነው። ዳር ድንበሩ በጉድጓድና በአጥር የተከለለ ነበር፤ መግቢያው በኬላ ብቻ። ንጉሡ ሳይፈቅድ የውጭ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ሂርማታ ላይ የሐሙስ ገበያ ይቆማል። የዛሬዋ የጅማ ከተማ ያደገችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው። በዚያ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። የጅማ ነገሥታት ሀብት ሲነሳ ይህ ተዘሎ መታለፍ የለበትም።

ሁሉም ነገር ሥርዓት ተበጀለት፣ የውርስ ጉዳይ ግን አልተበጀለትም። ጨፌው የሥልጣን ተራን ከነዓመቱ ቆጥሮ ያስቀምጥ ነበር። ዙፋኑ ግን ጉዳዩን ለአንድ ቤተሰብ ተወው። አባ ረቡ አባታቸውን ተክተው አራት ዓመት ብቻ ነገሡ፤ በ1859 ከጎረቤት መንግሥታት ጋር በተደረገ ጦርነት ሞቱ። ዘውዱም ወደ ልጅ አልወረደም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ አጎት ሄደ። አጎትየው አባ ቦቃ ሸምግለው ነበር፤ የነገሡት እስከ 1862 ነው። ከዚያ ልጃቸው አባ ጎሞል ተተኩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዙፋን ተለወጠ ማለት ነው።

በ1878 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና ወጣት ነበሩ። ከጎናቸው እናታቸው ጉሚቲ ነበሩ፤ ብልህ ሴት። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲገፋ፣ ከመዋጋት ግብር መክፈል ይሻላል ብለው የመከሩት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ጅማ በ1880ዎቹ በሰላም ገባች። ንጉሡ በየዓመቱ ይገብራሉ፣ ምኒልክ ሲዘምቱም ወታደር ይሰጣሉ። በ1894 ወደ ወላይታ፣ በ1897 ወደ ከፋ የጅማ ሰው ዘምቷል። በምላሹ የውስጥ አስተዳደሩ ሳይነካ ቀረ። ያ ውል ለጅማ ሕዝብ ግማሽ መቶ ዓመት ገደማ አገሩን ከመፍረስ አተረፈለት። በ1897ቱ ዘመቻ ከፋ ያየችውን መከራ ያወቀ ሰው የዚህን ምክር ዋጋ ይረዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የእንጨት ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሰፊ በረንዳውን አይቶ የማይደነቅ የለም። የንጉሡ ዕቃዎች ደግሞ ጅማ ሙዚየም ውስጥ አሉ።

ችግሩ ውሉ በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነበር። ንጉሡ አርጅተው ሲታመሙ ሥልጣኑን የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ያዙ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። የ1931 ሕገ መንግሥት ዘውዱን ከሣህለ ሥላሴ በሚወለደው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘር ብቻ አጸናው። ሁለት ምክር ቤቶችንም አቆመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። አባላቱ ግን በሕዝብ አልተመረጡም። በጨፌው አይን ካየነው፣ ይህ ፓርላማ ንጉሡን የሚያወርድም የሚተካም ጉልበት አልነበረውም። የመሃሉ ዙፋን የራሱን ወራሽ በሕግ ሲያስር፣ የጅማው ዙፋን ወራሽ የሚከራከርለት ሕግ አልነበረውም። አባ ጆቢር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተጋጩ፣ ታሰሩም። በ1932 የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። አዛውንቱ አባ ጅፋርም ያረፉት በዚያው ዓመት ነው።

ጣሊያን ሲገባ አባ ጆቢርን ፈትቶ ሱልጣን አላቸው። ከ1941 በኋላ ያ ሹመት አልቀጠለም። ጅማም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ከአዲስ አበባ በሚላክ እንደራሴ ትተዳደር ጀመር።