የኦጂብዌ ሕዝብና ጎረቤቶቹ በቅኝ ግዛት ዘመን

ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ስለ አካባቢው ነባር ሕዝቦች ግን በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ በተለይ ስለ ኦጂብዌዎች ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦጂብዌዎች ራሳቸውን አኒሺናቤ ይላሉ። ከኦዳዋና ከፖታዋቶሚ ሕዝቦች ጋር "ሦስቱ እሳቶች" የሚባል የቆየ ኅብረት አላቸው። አያቶቻቸው ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥተው ወደ ምዕራብ እንደመጡ ይተርካሉ። ትንቢቱ "ምግብ በውሃ ላይ የሚበቅልበት አገር እስክትደርሱ ሂዱ" የሚል ነበር። ያ ምግብ ማኖሚን ነው፤ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውስጥ የሚበቅል የዱር ሩዝ። በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ያለችው ማድሊን ደሴት የጉዞው መጨረሻና የሕዝቡ እምብርት ሆነች። ላ ፖይንት የሚባለው ታዋቂ ሰፈርም እዚያው ነው።

ፈረንሳዮች በ1600ዎቹ ሲመጡ የፈለጉት መሬት ሳይሆን ቆዳ ነበር። የቢቨር ቆዳ አውሮፓ ውስጥ ለባርኔጣ መሥሪያ በጣም ይፈለግ ነበር። ኦጂብዌዎች ቆዳ ሰጥተው ጠመንጃ፣ የብረት ድስትና ጨርቅ ወሰዱ። በጋብቻም ተሳሰሩ። ከጎረቤቶቻቸው ከዳኮታ ሕዝቦች ጋር ለብዙ ዓመታት በሰላም ከነገዱ በኋላ ግን በ1736 ገደማ ጦርነት ተነሣ። ዳኮታዎች ቀስ በቀስ ሰሜኑን ለቀው ወደ ደቡብና ምዕራብ ሄዱ። የሄዱት ተሸንፈው ብቻ ነው ወይስ ፈረስና የጎሽ አደን ስለሳባቸውም ጭምር የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ሲተኩ ነባሮቹን እንደ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ተሸናፊ ቆጠሯቸው። በ1763 የኦዳዋው መሪ ፖንቲያክ ያስነሣው አመፅ ተቀጣጠለ። ሰኔ 2 ቀን ኦጂብዌዎች በሚሺሊማኪናክ ምሽግ በር ላይ እንደኛ የገና ጨዋታ በዱላ የሚጫወቱትን ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኳሷ ወደ ምሽጉ ስትወረወር ተከትለው ገቡ፤ ሴቶቹ በብርድ ልብስ ውስጥ ደብቀው የያዙትን መሣሪያ አቀበሏቸው፤ ምሽጉም ተያዘ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተ ምዕራብ ያለውን የነባሮች መሬት ግለሰቦች እንዳይገዙ በአዋጅ ከለከለ። በ1783 ደግሞ እንግሊዝ አገሩን ለአሜሪካ አስረከበች፤ ባለቤቶቹን የጠየቀ አልነበረም።

ታሪኩ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው ከዚህ በኋላ፣ በውሎቹ ዘመን ነው። በ1837 ከ1,000 በላይ ኦጂብዌዎች መሬት ስለመሸጥ ለመዋዋል ፎርት ስኔሊንግ በሚባለው ምሽግ ተሰበሰቡ። መንግሥት የፈለገው የነጭ ጥዱን ደን ነበር። በ1842 በላ ፖይንት የተፈረመው ሁለተኛ ውል ደግሞ የመዳቡን አገር ለማግኘት ነው። ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ የሸጡት ጥዱን እንጂ መሬቱን እንዳልሆነ ኋላ ላይ በጽሑፍ አስታውቀዋል። የሆነ ሆኖ ተደራዳሪዎቹ አንድ ነገር አልለቀቁም። የ1837ቱ ውል በተሸጠው መሬት ላይ ማደን፣ ዓሣ ማጥመድና የዱር ሩዝ መሰብሰብ እንደሚችሉ ይናገራል። ይህ መብት የሚጸናው ግን "ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀደ ድረስ" ነው ተባለ። የዚያች ሐረግ ጣጣ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ።

በ1850 ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር መብቱን የሚሽርና ኦጂብዌዎችን ከዊስኮንሲንና ከሚሺጋን የሚያስወጣ ትእዛዝ ፈረመ። የሚኒሶታ ግዛት ገዥ አሌክሳንደር ራምዚና ሹማምንቱ ሕዝቡ በግድ ወደ ሚኒሶታ እንዲገባ አንድ ዘዴ አወጡ፤ ከሕዝቡ ጋር የሚመጣው ገንዘብም ለግዛታቸው ይጠቅም ነበር። በላ ፖይንት ይሰጥ የነበረውን የተሸጠውን መሬት ዓመታዊ ክፍያ ሚኒሶታ ውስጥ ወዳለው ሳንዲ ሌክ አዛወሩት። በጥቅምት መጨረሻ እንዲመጡም አዘዙ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በታንኳና በእግር ሄዶ ጠበቀ። ከፋዩ የደረሰው በኅዳር መጨረሻ ነው፤ ያውም ገንዘቡን ሳይይዝ። የሚታደለው ምግብ የተበላሸ ነበር። ኩፍኝና ተቅማጥ ገባ። ከ150 በላይ ሰዎች እዚያው አለቁ፤ በበረዶ ውስጥ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሞቱት ከዚያም ይበዛሉ። ጠቅላላው 400 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ይህን የአስተዳደር መዝረክረክ ብቻ አድርጎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል።

ሆኖም ሕዝቡ አልተነቀለም። በ1852 የላ ፖይንቱ መሪ ከቼዋይሽኬ፣ በሌላ ስሙ ቺፍ ቡፋሎ፣ ዕድሜው 90 አልፎ ሳለ ከበርች ዛፍ ቅርፊት በተሠራ ታንኳ ወደ ዋሽንግተን ተነሣ። በየመንገዱ ነጮቹ ሰፋሪዎችና ማዕድን አውጪዎች ሳይቀሩ አቤቱታውን ፈረሙለት። አብሮት የሄደው አስተርጓሚ እንደተረከው፣ የነባሮች ጉዳይ ቢሮ ሊያስተናግደው አልፈለገም ነበር። ሽማግሌው ግን ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞርን አግኝቶ አነጋገረ። የማስወጣቱ ጉዳይ ተቋረጠ። በ1854 በላ ፖይንት የተፈረመው ውል በዊስኮንሲን ባድ ሪቨርን፣ ሬድ ክሊፍን፣ ላክ ኩርት ኦሬይን እና ላክ ዱ ፍላምቦን፣ በሚኒሶታ ፎን ዱ ላክንና ግራንድ ፖርቴጅን፣ በሚሺጋን ደግሞ ላንስን ጨምሮ ቋሚ ሪዘርቬሽኖችን፣ ማለትም ለነባሮቹ የተከለሉ መሬቶችን፣ አጸደቀ። ከቼዋይሽኬ በ1855 በተወለደበት አገር ዐረፈ።

ጎረቤቶቹ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ኢንዲያና የነበሩ ፖታዋቶሚዎች በ1838 በወታደር ታጅበው ወደ ካንሳስ ተነዱ፤ በመንገድ 40 ገደማ ሞቱ፣ አብዛኞቹም ሕፃናት ነበሩ። ዳኮታዎች በ1862 የመሬታቸው ክፍያ ዘግይቶ ሲራቡ በአመፅ ተነሡ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ታኅሣሥ 26 ቀን በማንኬቶ ከተማ 38 ሰዎች በአንድ ላይ ተሰቀሉ። በአሜሪካ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የጅምላ ስቅላት የለም። በ1863 ዳኮታዎች ከሚኒሶታ ሲባረሩ፣ ብዙዎቹ ጦርነቱ ውስጥ ያልገቡት ሆ-ቸንኮች የሚባሉ ሌሎች ነባሮችም አብረው ተባረሩ።

ከ1887 ጀምሮ የጋራውን መሬት ለየግለሰቡ የሚሸነሽን ሕግ መጣ። በሚኒሶታው የዋይት ኧርዝ ሪዘርቬሽን አብዛኛው መሬት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእንጨት ነጋዴዎችና በሌሎች ገዢዎች እጅ ገባ። ሌላው የሚኒሶታ ሪዘርቬሽን፣ ሬድ ሌክ፣ ግን ሽንሸናውን እምቢ ብሎ መሬቱን ዛሬም በጋራ ይዟል። ልጆችም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስደው ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከለከሉ።

በ1974 ከላክ ኩርት ኦሬይ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ከሪዘርቬሽኑ ውጭ በጦር ዓሣ ሲወጉ ተያዙ። ነገሩ ሆን ተብሎ ለክስ የተደረገ ነበር። በ1983 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1837 እና በ1842 የተገባው መብት እንዳልጠፋ ወሰነ። በቀጣዮቹ ዓመታት ተቃዋሚዎች በየጀልባ ማረፊያው እየተሰበሰቡ አጥማጆቹን ይሰድቡና ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። በ1999 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚኒሶታ ኦጂብዌዎች የሆኑት ሚል ላክሶች ባቀረቡት ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለኦጂብዌዎች ፈረደ። ሕዝቡን ወደ ሳንዲ ሌክ ያስነዳው የ1850 ትእዛዝ በሕግ ያልተደገፈ ነበር ተባለ። መብቱን የሚሽረው ክፍልም አብሮ ወደቀ።

ካናዳ ያሉት አኒሺናቤዎችም በዚያው በ1850 መሬታቸውን የሚመለከቱ የሮቢንሰን ውሎች የሚባሉትን ፈርመዋል። ከ1875 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት የሚከፈለው 4 ዶላር ነበር፤ እስከ 2024 ድረስም ከፍ አላለም። በ2024 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘውዱ፣ ማለትም መንግሥቱ፣ ውሉን ክብር በጎደለው መንገድ እንደጣሰ ፈርዷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1984 የተቋቋመው የታላላቅ ሐይቆች የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን 11 የኦጂብዌ ማኅበረሰቦችን ያገለግላል። የራሱ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎችና ጠባቂዎች አሉት፤ በየፀደዩ ከየሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ ይቆጣጠራሉ።