ለዴስክቶፕ የሚሆን ባይነሪ ሰዓት፦ አነባበቡና አሰራሩ

ባይነሪ ሰዓት ማለት ሰዓቱን በተፃፈ ቁጥር ሳይሆን በሚበሩና በሚጠፉ ነጥቦች ሚያሳይ ሰዓት ነው፣ የበራ ነጥብ 1 የጠፋ ደሞ 0፣ ከዛ ውጪ ሌላ ምልክት የለውም። በ0ና በ1 ብቻ መቁጠር ከኮምፒውተር በጣም ይቀድማል፣ ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ሌብኒዝ ስለዚህ ስሌት ያሳተመው እ.ኤ.አ በ1703 ነው። ኮምፒውተሩማ ድሮም ጊዜን የሚይዘው እንዲህ ነው፣ ብዙ ሲስተሞች ከጃንዋሪ 1 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ እንደ አንድ ትልቅ ቁጥር ይቆጥራሉ፣ ይሄ ቁጥር በ32 ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ሚያዝበት ቦታ ነው) የተያዘባቸው የድሮ ፕሮግራሞች በጃንዋሪ 19 2038 ቦታ ይሞላባቸዋል የሚባለውም ለዚህ ነው። ስክሪናችሁ ጥግ ላይ ያለው 13:45 ለሰው እንዲመች ተቀይሮ የቀረበ ነው፣ ባይነሪ ሰዓት ስትሰሩ ወደዛ ወደ ውስጡ ትንሽ ትጠጋላችሁ፣ እኔ ለጀማሪ ፕሮግራመር ከዚህ የተሻለ ትንሽ ፕሮጀክት አላውቅም።

ሁለት አይነት አለ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ንፁህ ባይነሪ ሲሆን ሰዓቱን እንዳለ፣ ደቂቃውን እንዳለ፣ ሰከንዱን እንዳለ ወደ ባይነሪ ይቀይራል። ሰዓት እስከ 23 ስለሚሄድ 5 ነጥብ ይበቃዋል፣ ደቂቃና ሰከንድ እስከ 59 ስለሆኑ ለየራሳቸው 6፣ በድምሩ 17። የነጥቦቹ ዋጋ ከቀኝ ጀምሮ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ነው፣ የበሩትን ትደምራላችሁ። ለምሳሌ 13:45:30 ሲሆን ሰዓቱ 01101፣ ደቂቃው 101101፣ ሰከንዱ 011110 ይሆናል። ሁለተኛው ቢሲዲ የሚባለው ነው፣ እሱ እያንዳንዱን አሃዝ ለብቻው ይወስዳል፣ ማለትም 1፣ 3፣ 4፣ 5፣ 3፣ 0 ስድስት ዓምድ ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ በየዓምዱ የነጥቦቹ ዋጋ ከታች ወደ ላይ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ነው። የሰዓቱ አስር ቤት ከ2 አያልፍም ስለዚህ 2 ነጥብ፣ የደቂቃና የሰከንድ አስር ቤት ከ5 ስለማያልፉ 3 3፣ የአንድ ቤቶቹ ሁሉ 4 4፣ ስትደምሩት 20 ነጥብ። በንፁህ ባይነሪ 45ን ለማንበብ 32ና 8ና 4ና 1ን መደመር አለባችሁ፣ በቢሲዲ ግን 4 እና 5 አንብባችሁ አለፋችሁ። በሱ ጀምሩ ነው ምላችሁ።

ሰው ሚፈራው የባይነሪውን ሂሳብ ነው፣ እሱ ግን በጣም አጭር ነው። ቁጥሩን ለ10 ስታካፍሉት ድርሻው የአስር ቤቱ ቀሪው የአንድ ቤቱ አሃዝ ነው፣ ከዛ እያንዳንዱን አሃዝ በሺፍት ወደ ቀኝ በ0፣ በ1፣ በ2፣ በ3 እያንሸራተታችሁ ከ1 ጋር AND (በኮድ &) ማድረግ ነው፣ ውጤቱ 1 ከሆነ ነጥቡ ይበራል 0 ከሆነ ይጠፋል፣ አለቀ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ብትሰሩት መስኮቱንና ክቦቹን የሚስልላችሁ ቲኬኢንተር አብዛኛውን ጊዜ ከፓይተኑ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ምንም መጫን ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ሚያስቸግረው ሰዓቱን በትክክል ማስኬዱ ነው፣ እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሚሳሳተው። መጀመሪያ ማንም ሚያስበው ማለቂያ የሌለው ሉፕ (ድግግሞሽ) ከፍቶ በየዙሩ አንድ ሰከንድ ስሊፕ ማድረግ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ማስቆም ነው፣ እንደዛ ካደረጋችሁ መስኮቱ ድርቅ ይላል፣ አይንቀሳቀስም አይዘጋም፣ ምክንያቱም መስኮቱን ሚያንቀሳቅሰው ራሱ ቲኬኢንተር ነው እናንተ ደሞ ተራ አልሰጣችሁትም። መፍትሄው አፍተር (after) የሚባለው የቲኬኢንተር ትዕዛዝ ነው፣ ከዚህን ያህል ሚሊሰከንድ በኋላ ይሄን ፈንክሽን ጥራልኝ ብላችሁት ትወጣላችሁ። ግን እሱም 1000 ተብሎ ከተሰጠው ቢያንስ 1000 ነው ሚጠብቀው፣ በዛ ላይ ፈንክሽኑ ራሱ ሲሰራ የሚፈጀው ጥቂት ሚሊሰከንድ ይጨመራል፣ ያ እየተጠራቀመ ይሄድና የሆነ ሰዓት ላይ ከ41 ዘሎ 43 ላይ ታገኙታላችሁ። የኔ የመጀመሪያው ሰዓት እንዲህ እየዘለለ ኮዱን ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት፣ ጥፋቱ ከቢቶቹ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ 1000 አትስጡት፣ አሁን ከሰከንዱ ውስጥ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ አይታችሁ ከ1000 ላይ ቀንሱና የቀረውን ስጡት፣ በየዙሩ ራሱን ያስተካክላል።

ከዚህ ጋር አብሮ ሚሄድ ነገር፣ ሰከንዱን ራሳችሁ አንድ አንድ እየጨመራችሁ አትቁጠሩ፣ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ ሰዓታችሁ እዛው የተኛበት ላይ ነው ሚቀጥለው። በየዙሩ ከሲስተሙ አዲስ ጠይቁ፣ ስትጠይቁ ደሞ አንዴ ብቻ ጠይቃችሁ ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጡ። ሰዓቱን በ10:59:59 መጨረሻ ላይ ጠይቃችሁ ደቂቃውን ለብቻው ስትጠይቁ 11:00:00 ከገባ ስክሪኑ ላይ 10:00:00 ይወጣል፣ የአንድ ሰዓት ስህተት ማለት ነው፣ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን ሰዓት እንዲህ መሳሳት የለበትም።

ስዕሉ ላይ ክቦቹን መጀመሪያ አንዴ ስላችሁ ከዛ በኋላ ቀለማቸውን ብቻ ቀይሩ፣ በየሰከንዱ አዲስ ክብ በላዩ ላይ ምትስሉ ከሆነ ካንቫሱ (መሳያው ሰሌዳ) በማይታዩ ክቦች እየሞላ ፕሮግራሙ እየከበደ ይሄዳል። የጠፉትን ነጥቦች ደሞ ደብዘዝ ባለ ግራጫ አሳዩዋቸው። ልክ 00:00:00 ላይ ሁሉም ይጠፋሉ፣ ግራጫው ከሌለ ፕሮግራሙ የሞተ ነው ሚመስለው፣ በሌላውም ሰዓት ቢሆን የበራው ነጥብ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ማወቅ ይከብዳል። በቢሲዲ ብዙ ነጥብ አንዴ ሚበራው እንደ 17:37:37 ባሉ ሰዓቶች ነው፣ ያኔም 14 ናቸው እንጂ 20ው ሁሉ አንድ ላይ በርቶ አያውቅም።

የመስኮቱን ፍሬም አንስታችሁ ሁሌም ከላይ እንዲቆም ስታደርጉት በጣም ያምራል፣ ግን የመዝጊያው ምልክትም አብሮ ይሄዳል፣ በመያዣው ይዞ መጎተትም አይቻልም። መጎተቱን በማውዝ ክሊክ ራሳችሁ ፃፉት፣ መዝጊያውን ራይት ክሊክ ላይ አድርጉት፣ አንዳንድ ሊኑክስ ላይ ፍሬም የሌለው መስኮት ኪቦርድ ስለማይቀበል በእስኬፕ ላይ አትተማመኑ።

ማንበቡን ለመልመድ ከሰከንዱ አንድ ቤት ዓምድ ጀምሩ። የታችኛው ነጥብ በየሰከንዱ ይበራል ይጠፋል፣ የ2ቱ ሲበራ ሁለት ሁለት ሰከንድ ይቆያል፣ የ4ቱ ከ4 እስከ 7 በርቶ ይከርማል፣ የ8ቱ ግን ከአስሩ ሰከንድ ለ8ና ለ9 ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከ7 ወደ 8 ሲያልፍ አራቱም አንዴ ሲገላበጡ ታያላችሁ፣ እሱን አይታችሁ ሳትደምሩ 8 ማለት ስትጀምሩ የደቂቃው ዓምድ ላይ ሂዱ።