በእርዳታ ምዝገባ «ቤተሰብ» የሚባለው ማን ነው?
በእርዳታ ምዝገባ ቤተሰብ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጋብቻ ወይም የሥጋ ዝምድና አይደለም፤ አብረው የሚያድሩና ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው «የራሽን ካርዱን ማን ይቀበል?» ሲባል ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ከደረሰው የሄይቲ ርዕደ መሬት በኋላ የምግብ ኩፖን ለሴቶች ብቻ ይታደል ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግፊያው ይቀንሳል፣ ምግቡም ልጆች ጋ ይደርሳል። ሆኖም ቤታቸው ሴት የሌለባቸው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችና ትራንስ ሰዎች (የፆታ ማንነታቸው ሲወለዱ ከተባለላቸው ፆታ የሚለይ) ከሰልፉ ውጪ ቀሩ። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ ሴት የሌለበት ቤት አንድ አዋቂ ይወክል።

መዝጋቢው «ስንት ናችሁ? ማን ይቀበልላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ «ምንህ ነው?» ብሎ አይጫን። የፆታ ዝንባሌን ራሽን ለመስጠት መመዝገብ አያስፈልግም፤ ዝርዝሩ ካፈተለከ ሰው ይጎዳል።

እርዳታ በችግር መጠን ይሰጣል የሚለው መርሕ የትም ያው ነው። የሚጠየቀው መታወቂያ ግን እንደየአገሩ ይለያያል።