ቫኪዩም ፎርሚንግ ምንድን ነው?

ስስ የፕላስቲክ ሉህ ታሞቃለህ፣ ሲለሰልስ ፎርማ ላይ ታለብሰዋለህ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን አየር መጥጠህ ታወጣለህ። ፕላስቲኩ ፎርማው ላይ ልጥፍ ይልና ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። በቃ ቫኪዩም ፎርሚንግ ይኸው ነው። ፋብሪካ የኬክ መያዣ ክዳን ያመርትበታል። ሞዴል የሚሠራ ሰው ደግሞ ቤቱ ይሠራበታል።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚመላለሱትን የሞተር ጀልባዎች እናስብ። 8 ሜትር የሆነች ጀልባ 50 ጊዜ ስታንስ 16 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ጎባጣ ሆዷን ከካርቶን ቆራርጦ መገጣጠም አሰልቺ ነው፤ መገጣጠሚያውም ያስታውቃል። በቫኪዩም ግን ቀፎው አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። የደንገል ታንኳ ለሚሠራ ሰው ግን ዘዴው አይረባም። ደንገሉ ለየብቻ ካልታየ ምኑን ታንኳ ሆነ?

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባዶው ቦታ ፕላስቲኩን አይስበውም። ከላይ ያለው አየር ነው የሚጫነው። በባሕር ጠለል ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ጫናውም ወደ 0.83 ኪሎ ይወርዳል። ያም ሆኖ ቀላል አይደለም። ኤ4 በሚያህል ሉህ ላይ ሲደመር ከ500 ኪሎ ያልፋል።

ይህ ታዲያ አየሩን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከተቻለ ነው። የቤት ቫኪዩም ክሊነር የዚህን ሩብ ያህል ቢያገኝ ነው። ለጀልባ ቀፎ ይበቃል፤ ለስለስ ያለ ቅርጽ ነው። ጥቃቅን መስመርና ሹል ጠርዝ ከፈለጋችሁ ግን ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕረሰር ይሻላል። ፍሪጅ የሚጠግኑ ሰዎች ጋር ጠይቁ። ኮምፕረሰሩ አየር የሚመጥጠው ቀስ ብሎ ስለሆነ መጀመሪያ ጠንካራ ሲሊንደር ውስጥ ባዶ ቦታ ይጠራቀማል፤ ፕላስቲኩ ሲደርስ ቧንቧው በአንዴ ይከፈታል።

ፎርማው የሚቀመጥበትና አየሩ የሚመጠጥበት ሳጥን ከኮምፔንሳቶ ይሠራል። ክዳኑ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ቀሪው ክፍተት ሁሉ በሲሊከን ይደፈናል። ትንሽ ሽንቁር ካለ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ። ፎርማው ከዋንዛ ቢጠረብ ጥሩ ነው፤ ለመጥረብ አያስቸግርም። ስቱኮ ቀቡትና በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት፤ አለዚያ የእንጨቱ መስመር ፕላስቲኩ ላይ ይታተማል። ጎኖቹ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘንብሉ። ቀጥ ካሉ ወይም ወደ ታች ከጠበቡ ፕላስቲኩ ይነክሳቸውና አይለቅም።

ለጀማሪ ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ይስማማል። የሚለሰልሰው ከ100 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ለመቅረጽ ግን ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። በፈላ ውሃ እሞክራለሁ የሚል ካለ ይተወው፤ እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሉህ በእንጨት ፍሬም ይወጠርና ከኤሌክትሪክ ምድጃ በላይ ይያዛል። መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ከዚያ መልሶ ይወጠራል፣ ቀጥሎ መሐሉ ይረግባል። ሲረግብ ነው ወደ ፎርማው የሚኬደው፤ ያውም በፍጥነት። የቤቱን የእንጀራ ምጣድ ግን እንዳትነኩ። እሱ ላይ ፕላስቲክ ቢንጠባጠብ ለማስታረቅ ሽማግሌም አይበቃ።

መስኮት ክፈቱ፤ በረንዳ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ከሥሩ 3 ቁጥር የታተመበት ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ አደገኛ ጋዝ ስለሚያወጣ አትጠቀሙበት።

ከፎርማው ከፍታ ጋር ፕላስቲኩ ይሳሳል። ቁመቱ በረዘመ ቁጥር ጎኑ ወረቀት ይሆናል፤ ያኔ ወፈር ያለ ሉህ ያስፈልጋል። የተበላሸውን ግን ወዲያው አትጣሉ። ሳይቃጠል መልሳችሁ ብታሞቁት ወደ ጠፍጣፋነቱ ስለሚመለስ አንዳንዴ ደግሞ ይሠራል።

ለጀልባዋ የፊት መከለያ ፒኢቲጂ የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይሻላል፤ የሚለሰልሰውም 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ስትለጥፉት ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ያደበዝዘዋል። ነጭ ኮላ ይያዝ።