«ባቡር ይረክሳል» እና ሌሎች የዜፊር ወሬዎች

ዴንቨር ስለምኖር ከሌላ ስቴት ዘመድ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «ያ ተራራ ለተራራ የሚሄደው ባቡር እንዴት ነው?» ካሊፎርኒያ ዜፊር ይባላል፣ የአምትራክ፣ ማለትም የአሜሪካው የመንገደኛ ባቡር ድርጅት ነው። ከቺካጎ ተነስቶ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ እስካለችው ኤመሪቪል 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ታድራላችሁ። ጠያቂው ግን ግማሹን መልስ ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያውም የተሳሳተውን ግማሽ።

«ባቡር ከአውሮፕላን ይረክሳል።» ሁልጊዜ አይደለም። ዋጋው እንደ አውሮፕላን ትኬት ይወጣል ይወርዳል፤ ባቡሩ እየሞላ ሲሄድ ይወደዳል። መኝታ ክፍል በሰመር ስትጠይቁ ደግሞ ስልኩን አስቀምጣችሁ ውሃ ትጠጣላችሁ። ሁለት ቀን ተቀምጦ ገንዘብ እቆጥባለሁ ያለ ሰው ሒሳቡን እንደገና ይሥራ።

«መኝታ ካልያዝኩ ምንም አላይም።» ሰው ያለ ጥቅም ብር የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ መሀል ላይ መስታወቱ እስከ ጣሪያው የሚታጠፍ የመመልከቻ ፉርጎ አለ፤ ለሁሉም ተሳፋሪ ክፍት ነው፣ ቦታ አይያዝበትም፣ ተጨማሪ አይከፈልበትም። ተራው ወንበርም ቢሆን የመሀል መቀመጫ የለውም፣ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እግር ይዘረጋበታል። መኝታ ክፍል የሚገዛው እንቅልፍ፣ ሻወርና ምግብ ነው። እሱም ትንሹ ክፍል ከሆነ ሽንት ቤቱ ውጪ ነው፣ ሻወሩም የጋራ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሌሊት የምታድሩ ከሆነ አስቡበት፤ ቀን ብቻ ከሆነ ግን ተዉት።

«ለመሳፈር በቃ ቺካጎ መሄድ አለብኝ።» ለምን? ይሄኛው ነው በጣም የሚገርመኝ። ከዴንቨር ጠዋት ተሳፍራችሁ እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ያለችው ግሌንውድ ስፕሪንግስ ከሰዓት ትወርዳላችሁ፤ መንገዱ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ከሙሉው ጉዞ ምርጡን ቁራጭ ደግሞ በላችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ባቡሩ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ አንድ ትልቅ ኩርባ ላይ በአሸዋ የተሞሉ አሮጌ ፉርጎዎች ተደርድረው ታያላችሁ፣ ተረስተው አይደለም፣ ንፋሱ ባቡር እንዳይገለብጥ ነው እዚያ የተተከሉት። ከዚያ ትንንሽ ዋሻዎች አንዱ ካንዱ እየተከታተሉ ይመጣሉ። በመጨረሻ ሞፋት ዋሻ። እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ያልፋል፣ ማለትም ከአዲስ አበባም በላይ ናችሁ። እዚያ ውስጥ ሳላችሁ ከፉርጎ ፉርጎ አትዘዋወሩ ይሏችኋል፤ በሩ ሲከፈት የናፍጣው ጭስ ስለሚገባ ነው። ስትወጡ ሌላ አገር ነው። ትንሽ ቆይቶ ኮሎራዶ ወንዝ ይቀበላችኋል፤ ባቡሩም 380 ኪሎ ሜትር ያህል አብሮት ይወርዳል፣ አንዳንዱ ገደል ውስጥ የመኪና መንገድ እንኳ የለም፣ ወንዙና ሐዲዱ ብቻ። (በሰመር ጀልባ ቀዛፊዎቹ ባቡሩ ሲያልፍ ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው ጀርባቸውን የማሳየት የቆየ ልማድ አላቸው። ከእትዬ ጋር የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።)

ግሌንውድ ስትደርሱ ደግሞ ፍልውሃ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ሰው የሚዋኝበት ትልቅ ገንዳ። አድራችሁ በማግስቱ መመለስ ነው።

«መንገድ ላይ ደስ ያለኝ ቦታ ወርጄ በሚቀጥለው እሳፈራለሁ።» በአንድ ትኬት አይሆንም። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ መያዝ አለባችሁ። ባቡሩ በቀን አንዴ ነው፤ ካመለጣችሁ እስከ ነገ።

«ሰዓቱ ሰዓት ነው።» ወይ ጉድ! ሐዲዱ አብዛኛው የአምትራክ አይደለም፤ የዩኒየን ፓሲፊክና የቢኤንኤስኤፍ ነው፣ ሁለቱም ጭነት አመላላሾች ናቸው። ሕጉ ቅድሚያ ለመንገደኛ ባቡር ይላል፤ ነገር ግን አንድ ሐዲድ ብቻ ባለበት ቦታ የጭነቱ ባቡር ለማሳለፊያ ዳር ከተዘረጋው አጭር ሐዲድ ከረዘመ ዳር ሊወጣ አይችልማ፣ ስለዚህ የእናንተው ቆሞ ይጠብቃል። ሰዓታት መዘግየት የተለመደ ነው። በደረሳችሁበት ቀን በረራ አትያዙ፣ ሠርግም ካለ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

«አቅጣጫው ምን ለውጥ አለው?» አለው እንጂ። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሜዳው ነብራስካ በሌሊት ያልፋል፣ ሮኪ ተራሮችን በቀን ታያላችሁ፣ ዩታ ላይ ይመሻል፣ በማግስቱ ሲየራ ኔቫዳም በቀን ነው። ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ግን ዴንቨር የሚገባው ወደ ማታ ስለሆነ፣ በዲሴምበር ወይም ደግሞ ባቡሩ ሲዘገይ፣ ያ ሁሉ ኩርባና ዋሻ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። በረዶውን ማየት ለፈለገ ወደ ምዕራብ ይሂድ።

«የራስን ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።» ወንበራችሁ ላይ ማንም አይከለክላችሁም። ጾም ከሆነማ የግድ ነው፤ ካፌው ውስጥ ብዙ የሚጾም ነገር አትጠብቁ። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ ያዙ። ሽሮ ግን ተዉት፣ ጎረቤት አለ።

አንድ የቀረ፦ ባቡሩ ሳን ፍራንሲስኮ አይገባም። ኤመሪቪል ላይ ወርዳችሁ ድልድዩን በአውቶቡስ ነው የምትሻገሩት፤ ትኬቱን ስትገዙ መድረሻውን ሳን ፍራንሲስኮ ብላችሁ ከመረጣችሁ አውቶቡሱ አብሮ ይያዛል።