ካራት ምንድን ነው? የቱ ካራት?

«ዳይመንድ ከ24 ካራት ካነሰ ንጹሕ አይደለም፤ እንዳትሸወዱ።»

ይህን ምክር ባለፈው ሰሞን አንዱ ለተጋቢዎች ሲለግስ አነበብኩ። ከሥሩ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ተባረክ» ይለዋል። አላስቻለኝምና የድንጋይ ካራትና የወርቅ ካራት ስማቸው እንጂ ሥራቸው እንደማይገናኝ በትሕትና ጻፍኩለት። ሦስት ቃል መለሰልኝ፦ «ካራት ካራት ነው።»

የምተዳደረው ድንጋይ እያየሁና እየመዘንኩ ነው። ይህችን ስሕተት ሳላርም ያለፈ ወር አላስታውስም። ድሮ ፈገግ ብዬ ነበር የማርመው። ሰዎች በዚህች ቃል የተነሳ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚከፍሉ ካየሁ በኋላ ግን ፈገግታው ጠፋ።

ቅቤ ልትገዙ ገበያ ወጣችሁ እንበል። ሻጯን ሁለት ነገር ትጠይቋታላችሁ፦ ስንት ኪሎ ነው? ምንስ ተቀላቅሎበታል? የወርቅ ካራት የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው። ከ24 እጅ ስንቱ ወርቅ፣ ስንቱ መዳብና ብር እንደሆነ ይናገራል። 24 ካራት ምንም ያልገባበት፣ 21 ካራት ሦስት እጅ ባዕድ የገባበት፣ 18 ካራት ደግሞ ሩቡ ባዕድ የሆነ ነው። ቀለበቱ ውስጥ 750 ተቀርጾ ካያችሁ 18 ካራት፣ 875 ከሆነ 21፣ 916 ከሆነ 22 ማለት ነው፤ ከሺህ ስንቱ ወርቅ እንደሆነ ነው የሚነግራችሁ። የዳይመንድ ካራት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው፦ ስንት ይመዝናል? አንድ ካራት 200 ሚሊግራም ነው፤ አምስቱ ተደምረው አንድ ግራም ይሞላሉ። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለ ንጽሕና አያወራም፣ ጣሪያም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1905 ደቡብ አፍሪካ የተገኘው ኩሊናን የተባለው ድንጋይ 3,106 ካራት ነበር። በመካሪያችን ስሌት ከንጹሕም 129 ጊዜ የነጻ መሆኑ ነው።

ስሙ እንዴት አንድ ሆነ ላለኝ፣ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ዛፍ ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ካሮብ የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ፍሬው ቀንድ ስለሚመስል ግሪኮች «ኬራቲዮን»፣ ትንሽ ቀንድ፣ አሉት፤ ዐረቦች «ቂራጥ» አደረጉት። የጠፋው ልጅ እርያዎች ከሚበሉት አሰር ሊጠግብ ይመኝ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? የግሪኩ ወንጌል እዚያ ጋ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ልጁ የተመኘው ካራት ነበር ማለት ነው። የዛፉ ዘር ለከበረ ነገር መመዘኛ ሆነ፣ ድንጋይ ነጋዴዎችም በክብደትነቱ ያዙት። ቆስጠንጢኖስ ያስመታው የወርቅ ሳንቲም ደግሞ 24 ዘር ይመዝናል ተብሎ ስለተቆረጠ፣ ወርቁን «ከ24 ስንት?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ መጣ። (የእኛዎቹ የአክሱም ነገሥታትም የወርቅ ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ የኋለኞቹ ሳንቲሞች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ባዕድ የበዛባቸው ናቸው። ቅቤ ላይ ሙዝ መቀላቀል የዛሬ ፈጠራ አይደለም።) የድንጋዩ ካራት ግን ለረጅም ዘመን ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፤ 200 ሚሊግራም ሆኖ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። አሜሪካኖች ሲጽፉ የወርቁን በ«ኬ»፣ የድንጋዩን በ«ሲ» ይለዩታል። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ጣጣውም እዚህ ነው።

አንድ ወጣት ለእጮኛው ሊያስርላት ያዘጋጀውን ቀለበት ይዞ መጣ። ከውጭ አገር ነው የገዛው። ሣጥኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «18 ካራት ዳይመንድ ነው፤ እውነተኛ መሆኑን ብቻ ንገረኝ» አለኝ። 18 ካራት ድንጋይ ማለት እኮ 3.6 ግራም ነው። ክብ ሆኖ በደንብ ከተቆረጠ ስፋቱ 17 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ከፊቴ ያለው ቀለበት መሐል ላይ የተቀመጠው ፈርጥ ስለካው 4.3 ሚሊሜትር ሆነ። ይህ 0.30 ካራት ገደማ ነው። በዙሪያውና በትከሻው 20 ፍርፋሪዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከመቶ አንድ ካራት። ቀለበቱን ገልብጬ በሉፕ፣ ማለት በትንሿ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ሳየው 750 እና 0.50 ተቀርጾበታል።

ድንጋዮቹ እውነተኛ ናቸው። ሻጩም አልዋሸም። «ባለ 18 ካራት የዳይመንድ ቀለበት» ነው ያለው፤ 18ቱ የወርቁ ነው። ልጁ ግን ለድንጋዩ አድርጎ ሰማው፤ ሻጩም ሲሰማው አየና ዝም አለ። 0.50 የሚለው ቁጥርም ቢሆን የሁሉም ድንጋዮች ድምር ነው። ልጁ የከፈለው ዋጋ ግን መሐሉ ላይ አንድ የግማሽ ካራት ድንጋይ ያለበት ቀለበት ዋጋ ነበር።

እዚህ ላይ ቅቤዬ ይቀልጣል። ቅቤ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ኪሎ ያው ግማሽ ኪሎ ነው፤ አንድ ድቡልቡል ሆነም፣ ከኮባው ላይ ተጠርጎ ተሰበሰበም፣ አንጥራችሁ ወጡ ውስጥ ስትጨምሩት አይለይም። ዳይመንድ እንደዚያ አይደለም። ድንጋዩ በተለቀ ቁጥር ብርቅ ስለሚሆን የእያንዳንዱ ካራት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። ሁለት ካራት የሚመዝን አንድ ድንጋይ ከሁለት ባለ አንድ ካራት ድንጋዮች በጣም ይወደዳል፤ የ20 ፍርፋሪዎች ድምር ደግሞ የዚያኑ ክብደት ከሚያህል አንድ ድንጋይ በጣም ይረክሳል። ስለዚህ «ስንት ካራት ነው?» ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። «መሐሉ ብቻውን ስንት ነው?» በሉ። ደረሰኙ ላይም ለብቻ ይጻፍላችሁ።

ዋጋው ደግሞ እየተንሸራተተ አይወጣም፤ ደረጃ ደረጃ ይዘላል። 0.50፣ 0.70፣ 0.90፣ 1.00፣ 1.50፣ 2.00 ላይ ሲደርስ ጉብ ይላል። የጉብታው ምክንያት ቁጥሩ ነው፤ ሰው «አንድ ካራት አሰርኩላት» ማለት ይፈልጋል። ከ1.00 ዝቅ ብሎ 0.92 ወይም 0.95 ያለውን ፈልጉ። በደንብ የተቆረጠ ክብ የአንድ ካራት ድንጋይ 6.5 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ 0.92 የሆነው 6.3። ልዩነቱ ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ነው። እኔ ራሴ ያለ መለኪያ አለየውም፤ የሙሽራዋ አክስት ልትለየው አትችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የተደበቀ ክብደት ነው። ቆራጩ ከጥሬው ድንጋይ ብዙ ላለማባከንና 1.00 ላይ ለመድረስ ሲል ድንጋዩን ከታች ወፍራም አድርጎ ይተወዋል። ሚዛን ላይ አንድ ካራት ነው፣ የምስክር ወረቀቱም አንድ ካራት ይላል፤ ስፋቱ ግን 6.2 ሚሊሜትር። ከላይ ሲያዩት 0.87 ካራት ድንጋይ ነው የሚመስለው፤ የቀረው ወርቁ ውስጥ ተቀብሯል። ይባስ ብሎ ብርሃኑ ተመልሶ ወደ ዓይን በመምጣት ፈንታ ከታች ያመልጣል፤ መሐሉ ይጨልማል። ቅቤዬን ልመልሰውና፣ ይህ ከነኮባው መዝኖ መሸጥ ነው። ለዚህ ነው ስለ ካራት ሲጠይቁኝ ስለ አቆራረጡ የምመልሰው። ወረቀቱ ላይ ስፋቱ በሚሊሜትርና ጥልቀቱ በመቶኛ ተጽፏል። ለክብ ድንጋይ ጥልቀቱ ከስፋቱ 60 በመቶ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ 69 ካያችሁ ለሻጩ መልሱለት። (ለክብ ብቻ ነው ያልኩት። ሞላላውና አራት ማዕዘኑ የራሳቸው ሒሳብ አላቸው፤ እዚህ ውስጥ አልገባም።)

«ታዲያ የድንጋይ ንጽሕና በምን ይለካል?» ላለ፣ በሌላ መለኪያ ነው። ጂ.አይ.ኤ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ድንጋዩን በአሥር እጥፍ ማጉያ እያየ፣ እንከን ከሌለው ጀምሮ በዓይን እስከሚታየው ድረስ በ11 ደረጃ ይከፍለዋል። ቀለሙን ደግሞ ፍጹም ነጭ ከሆነው ከ«ዲ» እስከ ቢጫማው «ዜድ»። ካራት በዚህ ውስጥ አይገባም። ሰርግ ቤት ሉፕ ይዞ የሚመጣ ሰው ስለሌለ፣ እንከን አልባውን ማሳደድ ለቀለበት ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ በዓይን የማይታይ እንከን ያለውን ግዙ። ቢጫ ወርቅ ላይ ከሆነ ደግሞ «ዲ»ን ገዝቶ ማስቀመጥ አይገባኝም። ነጩ ድንጋይ የወርቁን ቢጫ ይዋሳል፤ «ጂ» ወይም «ኤች» ብትገዙ ባነሰ ክፍያ ያንኑ ያህል ያምራል።

የሌላ ድንጋይ ካራትም ያሳስታል፤ ስለ ራሴ ሙያ ካልጨመርኩ ደግሞ አይሆንልኝም። ካራት ክብደት እንጂ መጠን ስላልሆነ፣ የአንድ ካራት ኦፓል ከአንድ ካራት ዳይመንድ በዓይን በጣም ይተልቃል፤ ሰንፔር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ያንሳል። የእኛው የወሎ ኦፓልማ የባሰበት ነው፤ ውኃ ይጠጣል። ነክረው ካወጡት ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይቀላል፤ ስለዚህ ጠዋት የተመዘነው ካራትና ማታ የተመዘነው ላይገናኙ ይችላሉ። ኦፓል የምትገዙ ሰዎች ደረቁን አስመዝኑ። ወርቅ ቤቶቻችን «ዚርኮን» የሚሉት ነጭ ፈርጥም ከዳይመንድ በጣም ይከብዳል፤ የአንድ ካራት ዳይመንድ የሚያህለው 1.7 ካራት ገደማ ይመዝናል። (ያ ነገር ዚርኮን እንኳ አይደለም። እውነተኛው ዚርኮን ከመሬት የሚወጣ ሌላ ድንጋይ ነው። ተውኩት።) ሞይሳናይት የሚባለው ዳይመንድ መሳይ ሰው ሠራሽ ድንጋይ በተቃራኒው ይቀላል፤ ሻጮቹ ግን «አንድ ካራት» ሲሉ የአንድ ካራት ዳይመንድ ያህላል ማለታቸው ነው። ሙቀት የሚለካው መሞከሪያ እስክሪብቶ ደግሞ ሞይሳናይትን ዳይመንድ ብሎ ያሳልፈዋል።

በላቦራቶሪ የተሠራው ዳይመንድ ከነዚህ አይመደብም። እውነተኛ ዳይመንድ ነው፤ ክብደቱም ብልጭታውም ያው፤ እስክሪብቶውም እኔም በሉፕ አንለየውም፤ የላቦራቶሪ መሣሪያ ይፈልጋል። ካራቱ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ከመሬት ከወጣው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ባለፉት ዓመታትም እየወረደ ነው የመጣው። አውቃችሁ ከገዛችሁት ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ በመሬቱ ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ድንጋዩ ወገብ ላይ በጨረር ከተጻፈው ጋር አስተያዩ።

ወደ ወርቁ ስመለስ፣ «ካራቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል» ባዩ እዚህም ይጎዳል። ሰው ዳይመንዱን በ24 ካራት ወርቅ አስሩልኝ ይላል። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ድንጋዩን የያዙት ጥፍሮች ልብስ ሲነካቸው ይከፈታሉ፤ ድንጋዩም አንድ ቀን እጅ ሲታጠቡ ይወርዳል። ለፈርጥ 18 ካራት ይበቃል፤ አሜሪካ 14ም ያስራሉ። እዚህ አገር ደግሞ ቀለበቱ ከነፈርጡ ሚዛን ላይ ወጥቶ በወርቅ ግራም ሲተመን አይቻለሁ። ነጭ ዚርኮን በወርቅ ዋጋ ገዛችሁ ማለት ነው። «የፈርጡ ይቀነስ» ማለት አያሳፍርም።

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ለመካሪያችን ጻፍኩለት። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ እውነቱን ለመናገር በጨዋነት፣ መለሰልኝ፦ «እሺ ገባኝ ወንድሜ። ታዲያ ንጹሑ ዳይመንድ ስንት ካራት ነው?»